ኤድዋርድስ ዴሚንግ፤ ከስልክ ፋብሪካ እስከ ጤና ጽሕፈት ቤት

ስለ ምርት ጥራት በሚነገርበት ስፍራ ሁሉ የዶክተር ዊልያም ኤድዋርድስ ዴሚንግ ስም አብሮ ይነሣል። አብዛኛውን ጊዜም የሚነሣው ከጃፓን የመኪናና የሬዲዮ ፋብሪካዎች ጋር ተያይዞ ነው። የሕይወት ታሪካቸውን ጠጋ ብሎ ለሚመረምር ግን ሌላ ነገር ይታየዋል። እኚህ ሰው ለሃያ ዓመት ያህል የመንግሥት ደመወዝተኛ ነበሩ፤ ከፋብሪካ የተገኘውንም ዘዴ አስቀድመው በሥራ ላይ ያዋሉት መዝገብና ወረቀት በሞላበት መሥሪያ ቤት ውስጥ ነበር። ይኸው ዘዴ በቅርብ ዓመታት ወደ አካባቢ ጤና ጽሕፈት ቤቶች ሲገባ የነጋዴ ፈሊጥ ነው ተብሎ በጥርጣሬ መታየቱ፣ ይህ የታሪኩ ክፍል እምብዛም ስለማይታወቅ ይመስላል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዴሚንግ ኦክቶበር 14 ቀን 1900 ዓ.ም. አዮዋ በተባለው የአሜሪካ ክፍለ ግዛት፣ በሱ ሲቲ ከተማ ተወለዱ። ወላጆቻቸው መሬት ፍለጋ ወደ ዋዮሚንግ ተሻግረው ፓወል በተባለች አዲስ መንደር ሰፈሩ፤ የኖሩበትም ቤት ጣራው በሬንጅ ወረቀት የተሸፈነ ጎጆ ነበር። ልጁ ገና ትምህርት ቤት ሳለ ለሆቴል እንጨት እየተሸከመ፣ የመንደሪቱንም የመንገድ መብራት እየለኮሰ ለቤተሰቡ ሳንቲም ያመጣ ነበር። እናታቸው ፒያኖ አስተማሪ ስለ ነበሩ ሙዚቃ ከልጅነት እስከ እርጅና አልተለያቸውም፤ በኋላ ዘመን መንፈሳዊ ዜማዎችን እስከ መድረስ ደርሰዋል። በ1921 ዓ.ም. ከዋዮሚንግ ዩኒቨርሲቲ በኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተመረቁ፤ በ1925 ዓ.ም. ከኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪ፣ በ1928 ዓ.ም. ደግሞ ከዬል ዩኒቨርሲቲ በሒሳባዊ ፊዚክስ የዶክተርነት ማዕርግ አገኙ።

በ1925 እና በ1926 ዓ.ም. በትምህርት ዕረፍት ወራት ቺካጎ አጠገብ በሚገኘው በሆውቶርን የስልክ መሣሪያ ፋብሪካ ተቀጥረው ሠርተዋል። ከ40,000 የማያንሱ ሠራተኞች የነበሩት ይህ ፋብሪካ እጅግ ብዙ ተቆጣጣሪዎችን ያሰለፈ ነበር። የእነርሱም ሥራ የተመረተውን እቃ አንድ በአንድ እያዩ ደኅናውን ከብልሹው መለየት ነው። ብልሹው እቃ ግን አስቀድሞ ተሠርቷል፤ ብረቱም፣ ጉልበቱም፣ ጊዜውም ፈስሷል። ተቆጣጣሪው የሚያድነው ገዢውን እንጂ ፋብሪካውን አይደለም።

ለዚህ ችግር መፍትሔ ያገኙት በዚያው ኩባንያ የሚሠሩት የፊዚክስ ሊቅ ዶክተር ዋልተር ሼዋርት ነበሩ። በሜይ 16 ቀን 1924 ዓ.ም. ለአለቃቸው አንድ ገጽ ማስታወሻ ጻፉ፤ ከገጹም ሢሶ ያህሉን የያዘው ዛሬ የቁጥጥር ሠንጠረዥ የምንለው ሥዕል ነበር። ሐሳባቸው ሲዘረዘር እንዲህ ነው። ማንኛውም ሥራ፣ በተመሳሳይ እጅና በተመሳሳይ መሣሪያ ቢሠራም እንኳ፣ ውጤቱ ከቀን ወደ ቀን ከፍ ዝቅ ይላል። የዚህ መለዋወጥ ምክንያቱ ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው ከአሠራሩ ጋር አብሮ የሚኖር የወል ምክንያት ነው፤ ማንም ሠራተኛ በትጋቱ ሊያስወግደው አይችልም። ሁለተኛው ከወትሮው የተለየ ነገር በመድረሱ የሚመጣ ልዩ ምክንያት ነው፤ የተሰበረ መሣሪያ፣ የተበላሸ ጥሬ ዕቃ፣ ያልሠለጠነ አዲስ ገቢ ይህን የመሰለ ነው። በሠንጠረዡ ላይ ከአማካዩ በላይና በታች የሚሠመሩት ሁለት የወሰን መሥመሮች አንዱን ከሌላው ለመለየት ያገለግላሉ። ውጤቱ በወሰኑ ውስጥ ከዋለ ሠራተኛውን መቆጣት ከንቱ ነው፤ መለወጥ ያለበት አሠራሩ ነው። ከወሰኑ ከወጣ ግን ወዲያውኑ ምክንያቱን መፈለግ ይገባል።

ዴሚንግ ከሼዋርት ጋር የተዋወቁት ፋብሪካውን ከለቀቁ በኋላ በ1927 ዓ.ም. ነበር፤ በዚሁ ዓመት በአሜሪካ እርሻ ሚኒስቴር የናይትሮጅን ቤተ ሙከራ ሥራ ጀመሩ። በ1930 ዓ.ም. ባለቤታቸው ሞተው ከአንዲት ትንሽ ልጅ ጋር ብቻቸውን ቀሩ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ ትዳር መሠረቱ። በ1936 ዓ.ም. ወደ ሎንዶን ተጉዘው ከታላቁ የስታቲስቲክስ ሊቅ ከሮናልድ ፊሸር ዘንድ ተማሩ። በ1938 ዓ.ም. ሼዋርትን ወደ ዋሽንግተን ጠርተው በእርሻ ሚኒስቴሩ ትምህርት ቤት አራት ንግግሮች እንዲያደርጉ አደረጉ፤ ንግግሮቹንም ራሳቸው አርመው በ1939 ዓ.ም. በመጽሐፍ አሳተሙ። የሼዋርት አጻጻፍ ለአንባቢ አስቸጋሪ ስለ ነበረ ይህ የአርታዒነት ውለታ ቀላል አልነበረም።

ከዚህ በኋላ የተደረገው ነገር ስለ ዴሚንግ በሚጻፉት ታሪኮች ውስጥ ብዙውን ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል፤ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ግን ከጃፓኑ ጉዞ ይልቅ የሚጠቅመው እርሱ ነው። በ1939 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ መሥሪያ ቤት የናሙና ጥናት አማካሪ ሆነው ተሾሙ። በ1940 ዓ.ም. ቆጠራ እያንዳንዱ የመዝገብ ገጽ 40 መሥመር ነበረው፤ ከእነዚህ መካከል አስቀድሞ በተመረጡት 2 መሥመሮች ላይ ስማቸው የሰፈረ ሰዎች ብቻ ተጨማሪ ጥያቄ እንዲጠየቁ ተደረገ። በዚህም ከ20 ሰው አንዱን በመጠየቅ ስለ መላው ሕዝብ ማወቅ ተቻለ።

ከቆጠራው በኋላ ደግሞ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ካርዶች ነበሩ። የእያንዳንዱ ሰው ዕድሜ፣ ፆታና ሥራ በካርድ ላይ በቀዳዳ ይመዘገብ ነበር፤ የአንዱን ጸሐፊ ሥራ ሌላው ጸሐፊ በሙሉ ደግሞ ይመረምረዋል። ይህ በሆውቶርን የነበረው የተቆጣጣሪ ሠራዊት በቢሮ መልክ የተመለሰ ነው። ዴሚንግና ባልደረቦቻቸው የእያንዳንዱን ጸሐፊ የስሕተት መጠን በሠንጠረዥ መከታተል ጀመሩ። ስሕተቱ ጥቂትና የተረጋጋ ሆኖ የተገኘው ጸሐፊ ሥራው በሙሉ መመርመሩ ቀርቶ በናሙና ብቻ እንዲታይ ሆነ፤ ስሕተቱ የበዛው ደግሞ ሥልጠናና እርዳታ ተሰጠው። ፋብሪካ ውስጥ የተወለደው ዘዴ ለመዝገብ ቤትም እንደሚሠራ በዚህ ተረጋገጠ። ውጤቱም በ1941 ዓ.ም. በአሜሪካ የስታቲስቲክስ ማኅበር መጽሔት ላይ ታትሟል።

ከሕዝብ ጤና ጋር በቀጥታ ያገናኛቸው ሥራ የመጣው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከሕንድ አገር ነው። በካልካታ አቅራቢያ በምትገኘው በሲንጉር የጤና ጣቢያ ልደትና ሞት ይመዘገብ ነበር፤ ሆኖም ምን ያህሉ ሳይመዘገብ እንደሚቀር የሚያውቅ አልነበረም። ዴሚንግ ከሕንዳዊው ባለሙያ ከቻንድራሴካር ጋር በ1949 ዓ.ም. ያሳተሙት ጽሑፍ ለዚህ ጥያቄ ቀላል መልስ ሰጠ። የመዝጋቢው ዝርዝር አንድ ነው፤ ቤት ለቤት በመዞር የተሰበሰበው ዝርዝር ሌላ ነው። ሁለቱ ለየብቻ መሰብሰብ አለባቸው፤ ከዚያ ጎን ለጎን ተደርገው በሁለቱም ላይ የሚገኙት ስሞች ይቆጠራሉ። ለምሳሌ ያህል በመዝጋቢው ዘንድ 80 ልደት፣ በቤት ለቤቱ ዝርዝር 90 ልደት፣ በሁለቱም ላይ ደግሞ 72 ተገኘ እንበል። 80 በ90 ተባዝቶ ለ72 ሲካፈል 100 ይሆናል፤ እውነተኛው የልደት ቁጥር ወደ 100 ይጠጋል ማለት ነው። ስለዚህ ሁለቱም ያላዩአቸው 2 ሕፃናት አሉ። ያልታየውን ከታየው ተነሥቶ መገመት የሚያስችለው ይህ ሒሳብ ለማስላት እርሳስና ወረቀት ብቻ ይበቃዋል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ዴሚንግና ጓደኞቻቸው ለጦር መሣሪያ ፋብሪካ መሐንዲሶች የቁጥጥር ሠንጠረዥ ትምህርት ሰጡ። ሰላም ሲወርድ ግን ሠንጠረዦቹ ከግድግዳ ወረዱ። የአሜሪካ ምርት በዓለም ላይ ተፎካካሪ አልነበረውምና፣ ሥራ አስኪያጆች ስለ ጥራት የሚጨነቁበት ምክንያት አላዩም። ዴሚንግ ከዚህ ውድቀት አንድ ነገር ተማሩ፤ ዘዴውን መሐንዲሱ ብቻ አውቆት የበላይ ኃላፊው ካላወቀው ዕድሜው አጭር ነው።

በ1946 ዓ.ም. ከቆጠራው መሥሪያ ቤት ተሰናብተው በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ሆኑ፤ በ1947 ዓ.ም. የጃፓንን ሕዝብ ቆጠራ ለመርዳት ወደ ቶኪዮ ሄዱ። በ1950 ዓ.ም. የጃፓን ሳይንቲስቶችና መሐንዲሶች ኅብረት ጠራቸው። በዚህ ጊዜ ለመሐንዲሶች የስምንት ቀን ትምህርት ከመስጠታቸው በላይ፣ በኅብረቱ መሪ በኢቺሮ ኢሺካዋ ጋባዥነት የታላላቅ ኩባንያ ኃላፊዎችን ሰብስበው አነጋገሩ። በሰሌዳ ላይ የሣሉላቸው ሥዕል ጥሬ ዕቃ ከሚያቀርበው ጀምሮ እስከ ተጠቃሚው የሚዘልቅ፣ ከተጠቃሚው ዘንድ ደግሞ ወደ ንድፉ የሚመለስ አንድ ጅረት ነበር። ከንግግራቸው ኅትመት የሚገኘውን ገንዘብ አልወስድም ስላሉ፣ ኅብረቱ በዚያው ገንዘብ በ1951 ዓ.ም. በስማቸው የሚጠራ ሽልማት አቋቋመ። በ1960 ዓ.ም. የጃፓን ንጉሠ ነገሥት መንግሥት ኒሻን ሸለማቸው። ሆኖም የጃፓንን ኢንዱስትሪ ብቻቸውን እንዳነሡት አድርጎ መጻፍ ልክ አይደለም። የጃፓን መሐንዲሶች አስቀድመው በራሳቸው ማጥናት ጀምረው ነበር፤ በ1954 ዓ.ም. ጆሴፍ ጁራን መጥተው የሥራ አመራሩን በኩል አስተምረዋል፤ ካኦሩ ኢሺካዋም ዘዴውን ለተራው ሠራተኛ የሚገባ አድርገውታል።

በገዛ አገራቸው ግን ለሠላሳ ዓመት ያህል ከሙያ ጓደኞቻቸው በስተቀር የሚያውቃቸው አልነበረም። በዋሽንግተን ቤታቸው ምድር ቤት ውስጥ ባለች ቢሮ ከአንዲት ጸሐፊ ጋር ይሠሩ ነበር። በጁን 1980 ዓ.ም. አንድ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያ ስለ ጃፓን ኢንዱስትሪ ያቀረበው ፊልም ሲታይ፣ የሰማንያ ዓመት አዛውንቱ በአንድ ጊዜ የሁሉ ተፈላጊ ሆኑ። ፎርድ ኩባንያ አማካሪ አደረጋቸው፤ የአራት ቀን ትምህርታቸውን ለመስማት በየከተማው መቶዎች ይሰበሰቡ ጀመር።

በዚህ ትምህርት ውስጥ የቀይ ዶቃው ጨዋታ ጊዜ ወስዶ ሊነገር ይገባዋል። በአንድ ሣጥን ውስጥ 3,200 ነጭና 800 ቀይ ዶቃዎች ይደባለቃሉ። ከአድማጮች መካከል ስድስት ሠራተኞች ይመረጡና፣ 50 ትናንሽ ጉድጓዶች ባሉት መቅጃ ከሣጥኑ እንዲያወጡ ይታዘዛሉ። ነጩ ዶቃ ጥሩ ምርት ነው፤ ቀዩ ብልሽት ነው። አለቃው ራሳቸው ዴሚንግ ናቸው። ቀይ ያሳነሰውን ያመሰግናሉ፣ ደመወዝ ይጨምራሉ፤ ቀይ ያበዛውን ይገሥጻሉ፤ መፈክር ይሰቅላሉ፤ በመጨረሻም ሦስቱን ደካሞች አባርረው ሦስቱን ጎበዞች በእጥፍ ያሠራሉ። የቀዩ ቁጥር ግን አይቀንስም። ከ50ው ጉድጓድ አማካዩ 10 ያህል ነው፤ የሼዋርትን ሥሌት ለተከተለ ሰው ከ2 እስከ 18 ያለው ሁሉ የዕድል መለዋወጥ ብቻ ነው። አዳራሹ ይስቃል፤ ሳቁ ግን ቀስ በቀስ ይበርዳል፤ እያንዳንዱ አድማጭ በመሥሪያ ቤቱ በዚህ ዐይነት ዶቃ የተሸለመውንና የተቀጣውን ሰው ማስታወስ ይጀምራልና።

ዴሚንግ በ1986 ዓ.ም. ባሳተሙት ዋና መጽሐፋቸው ትምህርታቸውን በ14 ነጥቦች አጠቃለዋል። ሁሉንም እዚህ መዘርዘር አያስፈልግም። ከነጥቦቹ አንዱ በፍተሻ ብቻ ጥራት እንደማይገኝ፣ ሌላው ከሠራተኛው ልብ ፍርሃት መወገድ እንዳለበት፣ ሌላው ደግሞ በቁጥር የሚተመን የሥራ ግብና የሠራተኛ ማዕርግ አወዳደር ከሚያስገኘው ይልቅ የሚያጠፋው እንደሚበልጥ ያስረዳል። ከሼዋርት የወረሱት የማሻሻያ ዑደትም በአራት ደረጃ የቆመ ነው፤ ማቀድ፣ በትንሹ መሞከር፣ የተገኘውን ማጥናት፣ ከዚያም የሠራውን ማጽናት። ሦስተኛው ደረጃ ማረጋገጥ ሳይሆን ማጥናት ተብሎ እንዲጠራ አጥብቀው ይፈልጉ ነበር። ማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው የጠበቀውን ያያል፤ የሚያጠና ግን ያልጠበቀውንም ያያል።

ወደ ሕክምናው ዓለም ዘዴውን ያሻገሩት ከዴሚንግ የተማሩ ሐኪሞች ናቸው። ከእነርሱ መካከል የቦስተኑ የሕፃናት ሐኪም ዶናልድ በርዊክ በ1989 ዓ.ም. በታዋቂው የኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ፣ ጥፋተኛ ሐኪም እያደኑ መቅጣት ለበሽተኛው እንደማይጠቅም ተከራከሩ። ዴሚንግ ራሳቸውም በእርጅናቸው ሆስፒታል ተኝተው ያዩትን መዝግበው በ1990 ዓ.ም. አሳትመዋል። ጽሑፉ ነርሶቹን አይከስም፤ የሚከሰው የነርሶቹን ጊዜ ከሙያቸው ውጭ በሆነ ሥራ የሚያባክነውን አሠራር ነው። በሕይወታቸው የመጨረሻ ወራት በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው፣ የኦክስጂን ቧንቧ በአፍንጫቸው ሰክተው ያስተምሩ ነበር። ዲሴምበር 20 ቀን 1993 ዓ.ም. በዋሽንግተን ቤታቸው በ93 ዓመታቸው ዐረፉ።

ከሆስፒታሉ ይልቅ የአካባቢው ጤና ጽሕፈት ቤት ዘግይቶ ነው ወደዚህ መንገድ የገባው። አሜሪካ ውስጥ ወደ 3,000 የሚጠጉ እንደዚህ ያሉ ጽሕፈት ቤቶች አሉ። ክትባት ይሰጣሉ፣ ምግብ ቤቶችን ይመረምራሉ፣ ወረርሽኝ ይከታተላሉ፤ የአንዱ አሠራር ግን ከሌላው ጋር አይመሳሰልም ነበር። በ1988 ዓ.ም. የወጣ የሕክምና ኢንስቲትዩት ሪፖርት የሕዝብ ጤና አደረጃጀት መዳከሙን በይፋ ገለጸ። በ2007 ዓ.ም. ለእነዚህ መሥሪያ ቤቶች ዕውቅና የሚሰጥ ቦርድ ተቋቋመ፤ በ2011 ዓ.ም. ሥራውን ጀመረ፤ በ2013 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን 11 መሥሪያ ቤቶች ተቀበለ። ዕውቅናውን ለማግኘት ከተደነገጉት መመዘኛዎች አንዱ መሥሪያ ቤቱ የጥራት ማሻሻያ ሥራን የዘወትር ልማዱ ማድረጉ ነው።

ይህ በተግባር ምን ማለት እንደ ሆነ አንድ የታሰበ ምሳሌ ያሳያል። እናቶች ልጆቻቸውን ለማስከተብ መጥተው ግማሽ ቀን ይጠብቃሉ፤ አንዳንዶቹም ተሰላችተው ይመለሳሉ። በድሮው አሠራር መዝጋቢዋ ትወቀሳለች። በአዲሱ ግን እናቲቱ ከበር እስከ መርፌው የምታልፍበት መንገድ በወረቀት ላይ ይሣላል። ስሟና አድራሻዋ በሦስት መስኮት ሦስት ጊዜ መጠየቁ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው። ለአንድ ቀን፣ በአንድ ክፍል ብቻ፣ ሁለቱ መስኮቶች እንዲቀሩ ይደረጋል፤ የጥበቃው ጊዜ ይለካል፤ ከጠቀመ ይስፋፋል፣ ካልጠቀመ ሌላ ይሞከራል። ለዚህ አዲስ በጀት አያስፈልግም። ሥዕሉን መሣል ያለባቸው ግን በየመስኮቱ የተቀመጡት ሰዎች ናቸው፤ እነርሱ ካልተናገሩ ከላይ የተቀመጠው ኃላፊ ሦስቱን መስኮት አያውቃቸውም፤ ከፈሩ ደግሞ አይናገሩም።

የቁጥጥር ሠንጠረዡም ቦታ አለው። ዘግይተው የሚደርሱ የበሽታ ሪፖርቶች በወር በአማካይ 9 ከሆኑ፣ በሼዋርት ሥሌት ከ0 እስከ 18 ያለው መዋዠቅ ሁሉ የወል ነው። ባለፈው ወር 7 ነበር፣ በዚህ ወር ለምን 12 ሆነ እያሉ በየስብሰባው ማብራሪያ መጠየቅ እንግዲህ ቀይ ዶቃ መቁጠር ነው። ማብራሪያ የተጠየቀ ሰው ማብራሪያ ይፈጥራል፤ ለሚቀጥለው ወርም ቁጥሩን ማሳመር ይማራል። የ9ኙ አማካይ ራሱ ብዙ ነው ከተባለ የሚመረመረው ሪፖርቱ የሚያልፍበት መንገድ ነው።

በእርግጥ ጤና ጽሕፈት ቤት ፋብሪካ አይደለም የሚለው መቃወሚያ ተራ አይደለም። ፋብሪካው ምርቱን ያያል፤ የጤና ሠራተኛው ትልቁ ምርት ግን ያልታመመ ልጅ ነው፣ ያልደረሰ ወረርሽኝ ነው። ይህን መለካት አስቸጋሪ ስለ ሆነ የሚለካው ቀላሉ ነገር ይሆናል፤ የወረፋው ርዝመት፣ የቅጹ አሞላል። ከዚህ የከፋው ደግሞ የጥራት ሥራ የሚመራበት ደንብ ራሱ በቁጥር ግብና በውጤት ማወዳደሪያ የተሞላ መሆኑ ነው። በዴሚንግ ስም የሚሠለጥነው የጤና ሠራተኛ በዓመቱ መጨረሻ ዴሚንግ በተቃወሙት ሚዛን ይመዘናል። ይህን ተቃርኖ የፈታ መሥሪያ ቤት ጥቂት ነው።

ወደ አገራችን ዘዴው የመጣው በጃፓን በኩል ዞሮ ነው። በ2009 ዓ.ም. በጃፓን መንግሥት እርዳታ የካይዘን ሙከራ በኢንዱስትሪ ድርጅቶች ተጀመረ፤ በ2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ከዚያም የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ጥራት ስትራቴጂ አወጣ። የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ባለሙያ የአራቱን ደረጃ ዑደት የሚማረው ብዙውን ጊዜ የሼዋርትንም የዴሚንግንም ስም ሳይሰማ ነው።

የሲንጉሩ ሒሳብም በሥራ ላይ እንዳለ ነው። የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ምን ያህሉ ሪፖርት ሳይደረጉ እንደሚቀሩ ለማወቅ የሚደረጉ ጥናቶች የላቦራቶሪውን መዝገብና የጤና ጽሕፈት ቤቱን መዝገብ ጎን ለጎን አስቀምጠው፣ በሁለቱም ላይ የተገኙትን ስሞች ይቆጥራሉ። ብዙውን ጊዜም ሦስተኛ መዝገብ ይጨምራሉ፤ በሁለቱ መዝገቦች መካከል መነጋገር ካለ፣ ማለትም አንዱ ከሌላው የተገለበጠ ከሆነ፣ ስሌቱ ያልታዩትን ሰዎች አሳንሶ ያሳያልና።